ለዝምተኛ ባለአደራ ይርጋ አይቆጠርም

በአሜሪካ ወጥ የአደራ ሕግ ውስጥ ቁጥር 1005 የተሰጠው አንድ አጭር አንቀጽ አለ። የሚናገረው ስለ ይርጋ ነው፤ ንብረቱ በባለአደራ እጅ የተቀመጠለት ተጠቃሚ «ባለአደራው አጥፍቷል» ብሎ ክስ ለመመሥረት ምን ያህል ጊዜ እንዳለው ይወስናል። የይርጋ ድንጋጌ በየትኛውም አገር ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው ዐይኑን ሳያሳርፍ የሚያልፈው ደረቅ ክፍል ነው። ይህኛው ግን ቆም ብሎ ላየው ሰው፣ የሕግ አርቃቂ እጅ የት ድረስ ሊራቀቅ እንደሚችል ያሳያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለአደራው ለተጠቃሚው የሒሳብ መግለጫ ይልካል። መግለጫው የሆነውን ነገር ሳይሸፋፍን ካሳየ፣ ማለትም ተጠቃሚው የመክሰስ መብት ሊኖረው እንደሚችል የሚያሳውቅ ወይም ቢያንስ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያነሣሣ በቂ መረጃ ከያዘ፣ የመክሰሻውንም ጊዜ ከነገረው፣ ከተላከበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይቆጠራል። ዓመቱ ካለፈ በዚያ ጉዳይ ክስ የለም። እንዲህ ያለ መግለጫ ካልተላከ ግን ጊዜው አምስት ዓመት ይሆናል፤ አምስቱ ዓመትም ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን አይጀምርም። የሚጀምረው ባለአደራው ሲሻር፣ ሲለቅ ወይም ሲሞት፣ አለዚያም የተጠቃሚው ጥቅም ወይም አደራው ራሱ ሲያበቃ ነው፤ ከእነዚህ ቀድሞ የደረሰው ይወሰዳል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ባለአደራ የአደራውን መሬት ከዋጋው በታች ሸጠ እንበል። በዚያው ዓመት የገዢውን ማንነት፣ የሽያጩን ዋጋና የግምቱን ወረቀት አያይዞ ለተጠቃሚዎቹ ቢልክ፣ በዓመቱ ወይ ተከሷል ወይ ነገሩ ተዘግቷል። ሳይነግራቸው ሃያ ዓመት ቢቆይ ግን ያ ሽያጭ ሃያውን ዓመት ሙሉ አብሮት ይኖራል፤ አምስቱ ዓመት መቆጠር የሚጀምረው ገና ቦታውን ሲለቅ ነው። ምስክር ሞቶ፣ ወረቀት ጠፍቶ፣ እሱም አርጅቶ ሳለ «መልስ ስጥ» ሊባል ይችላል። አርቃቂዎቹ እዚህ አንቀጽ ላይ ስለ ግልጽነት አንድም የምክር ቃል አልጻፉም። የባለአደራውን የገዛ ጥቅም ከተጠቃሚው የማወቅ መብት ጋር አሰሩት፤ ራሱን ማዳን የሚፈልግ ሰው የሚድነው በመናገር ሆነ። ታማኙ ደስ ብሎት ይናገራል፤ ስስታሙም ሒሳቡን ሲያሰላው ያው መናገር ይሻለዋል። ሁለቱን ዓይነት ሰው በአንድ ቃል የሚገዛ ድንጋጌ መጻፍ ትልቅ ሙያ ነው።

ሕጉ የተረቀቀው በወጥ ሕጎች ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በ1892 የተመሠረተ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ አንድ ቦታ ለይቼ ከምጠቅሰው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ አባላቱም ክፍለ ግዛቶቹ የሚመድቧቸው ዳኞች፣ ጠበቆች፣ የሕግ መምህራንና የምክር ቤት ሰዎች ናቸው። ሕግ የማውጣት ሥልጣን የለውም። አርቅቆ ያቀርባል፤ መቀበል፣ መከርከም ወይም መተው የየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ፈንታ ነው። የአደራ ሕጉን ኮሚሽኑ በ2000 አጸደቀ። የአርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ የደላዌሩ ዳኛ ሞሪስ ሃርትኔት ነበሩ፤ ብዕሩን የያዙት ደግሞ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲው የሕግ መምህር ዴቪድ ኢንግሊሽ ናቸው። ካንሳስ በ2002 ቀድማ ተቀበለችው፤ ዛሬ ከ30 በላይ ክፍለ ግዛቶችና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸውን ማስተካከያ እያደረጉ ይሠሩበታል።

ከዚያ በፊት የነበረውን ሁኔታ ካላዩ የሥራው ክብደት አይታይም። አደራ ከእንግሊዝ የቻንስለር ፍርድ ቤት የተወረሰ ሥርዓት ነው፤ ደንቡም ለዘመናት የኖረው በዳኞች ውሳኔ ውስጥ ተበትኖ ነው። ብዙ ሙግት በሚታይባቸው ትልልቅ ክፍለ ግዛቶች ጠበቃው የሚይዘው ውሳኔ አያጣም። በሌሎቹ ግን ለተራ ጥያቄ እንኳ ከራሳቸው ፍርድ ቤት መልስ የማይገኝበት ጊዜ ነበር። በሌላ በኩል አደራ የባለጸጎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ቤቱንና ቁጠባውን ልጆቹ ያለ ፍርድ ቤት ደጅ ጥናት እንዲረከቡት የሚፈልግ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ሁሉ በኑዛዜ ፈንታ አደራ ማቋቋም ጀምሮ ነበር። አርቃቂዎቹ ካሊፎርኒያ በ1986 ያወጣችውን የአደራ ሕግ መነሻ አደረጉ። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የሕግ ኢንስቲትዩት የዳኞቹን ደንብ አጥርቶ የሚያቀርበውን ሦስተኛውን የአደራ ሕግ ማጠቃለያ ያዘጋጅ ስለነበር ሁለቱ ሥራዎች እየተያዩ ሄዱ። ገንዘብን በኢንቨስትመንት ስለማሠራት የሚናገረውን ክፍል እንደ አዲስ አልጻፉትም፤ ኮሚሽኑ ራሱ በ1994 ያወጣው፣ ጆን ላንግባይን ያረቀቁት የጠንቃቃ ኢንቨስተር ሕግ ስለነበረ ቦታ ትተውለት አለፉ። በሚገባ ያለቀን ሥራ አለመነካካትም ሙያ ነው።

በሰው ንብረት ላይ ሥልጣን የያዘን ሰው ከመስገብገብ መጠበቂያው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ እጁን ማሰር፣ ወይ እጁን ፈትቶ በግዴታ መያዝ። የድሮው ሕግ የመጀመሪያውን መረጠ። የአደራው ንብረት መሬት በነበረበት ዘመን ያስኬድ ነበር፤ ባለአደራው መሸጥና በመያዣ መበደር ካልቻለ መሬቱ ካለበት አይንቀሳቀስም። ንብረቱ አክሲዮንና ቦንድ ሲሆን ግን የታሰረ እጅ ንብረቱን ያጠፋዋል፤ ዋጋው እየወረደ ያለ አክሲዮን ፈቃድ እስኪገኝ አይጠብቅም። አዲሱ ሕግ ስለዚህ በአንቀጽ 815 አንድ ያላገባና ችሎታ ያለው ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ያለውን ሥልጣን ሁሉ ለባለአደራው ሰጠው። ያላገባ መባሉ ያለ ምክንያት አልገባም፤ ያገባ ሰው ቤቱን ለመሸጥ የትዳር ጓደኛውን ፊርማ የሚፈልግባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ መለኪያው ዝም ብሎ «ባለንብረት» ቢሆን ያ ገደብ ተከትሎ ይገባ ነበር። አንቀጽ 816 ደግሞ ዝርዝር ሥልጣኖችን እስከ ተራ ቁጥር 26 ድረስ ይደረድራል። ሲነበብ ያሰለቻል፤ ሆኖም ባለአደራው ለመሸጥ ወይም ለመበደር ሲቀርብ «ይህን ማድረግ ትችላለህ ወይ?» የሚለው የባንክ ሠራተኛ ጣቱን የሚያሳርፍበት መስመር ያስፈልገዋል።

እጁ ከተፈታ ክብደቱ ሁሉ ግዴታው ላይ ይወድቃል። የሕጉ ምርጥ ሥራ ያለውም እዚያ ነው፤ አንቀጽ 802፣ የታማኝነት ግዴታ። ሕጉ በባለአደራ ላይ ያለው ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ 1726 እንግሊዝ መመለስ ይጠቅማል። የሮምፎርድን ገበያ ገቢ በኪራይ ይዞ የነበረ ሰው ሲሞት መብቱን ለአንድ ሕፃን ትቶ ባለአደራ ሾመለት። የኪራዩ ዘመን ሊያልቅ ሲል ባለአደራው አከራዩን «ለሕፃኑ አድስለት» አለው። አከራዩ እምቢ አለ፤ ሕፃን ውል ገብቶ ሊጠየቅ አይችልምና። ከዚያ በኋላ ባለአደራው ኪራዩን በራሱ ስም ወሰደው። አልሰረቀም፤ የወሰደው ለሕፃኑ አይሆንም የተባለውን ነው። ሎርድ ቻንስለር ኪንግ ግን ኪራዩን ለሕፃኑ እንዲያስተላልፍ፣ ያገኘውንም ትርፍ እንዲያስረክብ ፈረዱ። ከሰው ሁሉ መካከል ይህን ኪራይ መያዝ የማይችለው ባለአደራው ብቻ መሆኑ ከባድ ሊመስል እንደሚችል ዳኛው አላጡትም። በሩ ከተከፈተ ግን በየቦታው ያሉ ባለአደራዎች «ለተጠቃሚው ማሳደስ አልተቻለም» እያሉ ለራሳቸው ማሳደስ እንደሚጀምሩ ታያቸው። ኪች እና ሳንድፎርድ በተባሉት ተሟጋቾች ስም የሚታወቀው ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

አንቀጽ 802 ያንን ጥርጣሬ ወርሶ በእርከን ከፋፈለው። ባለአደራው የአደራውን ንብረት ለራሱ ከገዛ፣ ተጠቃሚው ግብይቱን ማስፈረስ ይችላል። ዋጋው ትክክል ነበር ወይ፣ ልቡ ቅን ነበር ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ሁለተኛው እርከን ለቅርብ ሰዎቹ ነው፤ ባለቤቱ፣ ተወላጆቹ፣ ወንድምና እህቶቹ፣ ወላጆቹ፣ የእነዚህም ባልና ሚስት፣ ወኪሉና ጠበቃው፣ እንዲሁም ፍርዱን ሊያዛባ የሚችል ጥቅም ያለበት ድርጅት። ለእነዚህ ከተሸጠ ሕጉ ግብይቱ በጥቅም ግጭት የተነካ ነው ብሎ ይገምታል፤ ግምቱ ግን ሊፈርስ ይችላል። ባለአደራው ዋጋው የገበያ ዋጋ እንደነበር፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ቢዋዋልም ያንኑ እንደሚያደርግ ማስረዳት ይፈቀድለታል። ከዚያ ውጭ ላለው ሰው ሁሉ ግምት የለም፤ «ተጠቅሞብናል» የሚለው ወገን ያስረዳ።

ጣት አስገብተን እንፈትሸው። ለእህቱ ባል ከሸጠ የማስረዳቱ ሸክም በባለአደራው ላይ ነው። ለሚስቱ ወንድም ከሸጠ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለክርስትና ልጁ ወይም ለሠላሳ ዓመት ጓደኛው ቢሸጥም እንዲሁ። መጀመሪያ ሳየው ቀዳዳ መሰለኝ፤ ብዙ ሰው ከአማች የቀረበ ጓደኛ አለውና። ነገር ግን ዝርዝሩ ቅርበትን ለመለካት አልሞከረም። ማንም ሰው ከመዝገብ ላይ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ዝምድና ወስዶ በዚያ ላይ ሸክሙን አዞረ፤ ልብ ውስጥ ያለውን ቅርበት ደግሞ ለማስረጃ ተወው። የጓደኛው ጉዳይ ከሕጉ አላመለጠም፤ በሌላ በር ይገባል እንጂ። እንዲህ ያለ መስመር የት ላይ እንደሚሰመር ማወቅ ብዙ ሙግት ማየትን ይጠይቃል።

ሌላም አለ። ባለአደራው ለራሱ ያደረገው ግብይት ከመነሻው ፈራሽ አልተባለም፤ ተጠቃሚው ሲጠይቅ የሚፈርስ ነው። መሬቱ ዋጋ ከጨመረ ተጠቃሚው ያስፈርሰዋል፤ ከወረደ ደግሞ ሽያጩ እንዲጸና ይተወዋል። ምርጫው ሁልጊዜ በተጎጂው እጅ ነው፤ ነገሩን ሳያውቅ በቅን ልቦና የገዛ ሦስተኛ ወገን ግን ይጠበቃል። ባለአደራው ነጻ የሚወጣባቸው በሮችም ተቆጥረዋል፤ አደራውን ያቋቋመው ሰው (አደራ ሰጪው) በሰነዱ ላይ ፈቅዶለት ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካጸደቀለት፣ ተጠቃሚው ከተስማማ ወይም መብቱን ከለቀቀ፣ ውሉ ባለአደራ ለመሆን ከማሰቡ በፊት የተገባ ከሆነ፣ ወይም በአንቀጽ 1005 የተሰጠው የመክሰሻ ጊዜ ካለፈ። የመጨረሻውን ልብ ይሏል። ለራሱ የገዛ ባለአደራ እንኳ በአንድ ዓመት ሊገላገል ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የሠራውን ጽፎ መላክ አለበት።

ሁለት የተራራቁ አንቀጾች የሚገጥሙበት ሌላ ቦታ ላሳይ። በአንቀጽ 709 ባለአደራው አደራውን ለመጠበቅ ከኪሱ ገንዘብ ካወጣ፣ ከተገቢ ወለድ ጋር የሚመለስለት ሲሆን ለዚያም የአደራው ንብረት መያዣ ይሆንለታል። ይህ እንግዲህ ባለአደራው ለአደራው አበዳሪ ሆነ ማለት ነው፤ በታማኝነት ግዴታ ዐይን ሲታይ አስፈሪ ነገር ነው። ስለዚህ አንቀጽ 802 በአንድ ንዑስ ክፍሉ ይህን ነገር ስም ጠርቶ፣ ለተጠቃሚዎቹ ሚዛናዊ እስከሆነ ድረስ፣ ከክልከላው ያወጣዋል። ጥሩ አናጺ ያለ ምስማር ያገጣጠመው ጠረጴዛ ላይ እንደሚታየው፣ አንዱ በገባበት ልክ ሌላው ተቦርቡሯል። በዚያው አንቀጽ ያልወደድኩት ክፍልም አለ። ባንክ ባለአደራ ሆኖ የአደራውን ገንዘብ ራሱ አገልግሎት እየሰጠ ክፍያ በሚያገኝበት የኢንቨስትመንት ፈንድ ውስጥ ቢያስገባ፣ የጠንቃቃ ኢንቨስተርን ደንብ እስካከበረ ድረስ የጥቅም ግጭት ግምቱ አይነሣበትም። የሚያገኘውን ክፍያ በየዓመቱ እንዲያሳውቅ መገደዱ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ለወንድም ያልተተወ ጥርጣሬ ለባንክ መተዉ ከአንቀጹ ጠባይ ጋር አልሄደልኝም።

አንቀጽ 814 ሌላው ዐይን የሚያርፍበት ነው። ብዙ የአደራ ሰነድ ለባለአደራው «ፍጹም»፣ «ብቸኛ»፣ «ቁጥጥር የሌለበት» የመወሰን ሥልጣን ይሰጣል፤ ለየትኛው ልጅ፣ መቼ፣ ስንት ብር እንደሚሰጥ እሱ ይወስን ይላል። ሕጉ እነዚህን ቃላት አልከለከለም። ቃሎቹን በስማቸው ጠርቶ፣ እነሱም ቢጻፉ ባለአደራው ሥልጣኑን በቅን ልቦና፣ በአደራው ቃልና ዓላማ፣ በተጠቃሚዎቹም ጥቅም መሠረት ይሠራበታል አለ። አንቀጽ 1008 ደግሞ ባለአደራውን ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ ቃል በክፉ ልቦና ወይም በፍጹም ግድየለሽነት ለተፈጸመ ጥፋት አይሠራም ይላል። ያንን ነጻ የሚያወጣ ቃል የጻፈው ወይም ያጻፈው ባለአደራው ራሱ ከሆነስ? ያን ጊዜ ቃሉ ዋጋ የለውም፤ ፍትሐዊ እንደነበርና አደራ ሰጪው መኖሩንና ይዘቱን በሚገባ እንዲያውቅ መደረጉን ባለአደራው ካላስረዳ በቀር። ሽማግሌ ደንበኛውን «እዚህ ጋ ፈርም» ብሎ ራሱን ባለአደራ ያደረገ ጠበቃ ለዚህ አንቀጽ መልስ ማዘጋጀት አለበት።

ጥፋት ተገኝቶ ካሳ ሲቆረጥ አንቀጽ 1002 ሁለት መለኪያ አቅርቦ ከበለጠው ያስከፍላል፤ ንብረቱንና ለተጠቃሚዎች ሊከፈል ይገባ የነበረውን ጥፋቱ ባይደርስ ኖሮ ወደሚሆንበት ለመመለስ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ ወይም ባለአደራው በጥፋቱ ያገኘው ትርፍ። ጉዳት ባያደርስም ትርፉ አይቀርለትም ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ባለአደራው ጥፋት ከሌለበት ንብረቱ ዋጋ ስለቀነሰ ወይም ስላላተረፈ ብቻ አይጠየቅም ይላል። የዚህ ሐሳብ ሥር ማሳቹሴትስ ነው። በ1823 የሞተው ጆን ማክሊን 50,000 ዶላር በባለአደራዎች እጅ ትቶ፣ ሚስቱ በሕይወቷ ገቢውን እንድትወስድ፣ ከእሷ በኋላ ዋናው ለሃርቫርድ ኮሌጅና ለማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል እንዲካፈል ተናዘዘ። ባለአደራዎቹ ገንዘቡን በፋብሪካና በኢንሹራንስ አክሲዮን አዋሉት፤ ዋጋው ወረደ፤ ኮሌጁና ሆስፒታሉ ከሰሱ። በ1830 ዳኛ ሳሙኤል ፑትናም ለባለአደራዎቹ ፈረዱ፤ የትኛውም ገንዘብ የትም ቢቀመጥ ከአደጋ ነጻ አይደለምና፣ የሚጠየቀው አስተዋይ ሰው የራሱን ጉዳይ እንደሚይዘው መያዙ ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው።

አሁን ወደ ደካማው ስፌት ልምጣ። አንቀጽ 105 የሕጉን ድንጋጌዎች በሁለት ይከፍላል። አብዛኞቹን አደራ ሰጪው በሰነዱ ሊቀይራቸው ይችላል፤ ጥቂቶቹን ግን ማንም አይነካቸውም። ከማይነኩት መካከል በቅን ልቦና የመሥራት ግዴታ፣ ለፍትሕ ሲባል ፍርድ ቤት እርምጃ የመውሰድ ሥልጣኑና የመክሰሻ ጊዜዎቹ አሉ። በ2000ው ጽሑፍ ሌላም ነበር፤ የማይሻር አደራ ተጠቃሚ ዕድሜው 25 ከሞላ፣ አደራው መኖሩን፣ ባለአደራው ማን እንደሆነና የሒሳብ መግለጫ የመጠየቅ መብት እንዳለው ሊነገረው ይገባል፤ አደራ ሰጪው እንኳ ይህን ሊያስቀር አይችልም። ክፍለ ግዛቶች ግን በዚህ ላይ አልተስማሙም። ልጄ ሀብት እንዳለው ካወቀ ሥራ ይጠላል የሚል አባት በየቦታው አለና፣ ብዙዎቹ ድንጋጌውን እያላሉ ወይም እየጣሉ ተቀበሉት። ኮሚሽኑ በ2004 ስለዚህ የሚናገሩትን ሁለት ንዑስ ክፍሎች በቅንፍ ውስጥ አስገባቸው፤ ክፍለ ግዛቱ ቢፈልግ ይውሰዳቸው፣ ባይፈልግ ይተዋቸው ማለት ነው።

አባትየው የሚያነሣው ሥጋት ባዶ አይደለም። ግን አደራ መኖሩን የማያውቅ ሰው ባለአደራውን የሚቆጣጠረው በምን ዐይኑ ነው? ቅንፉ ሕጉ ከቆመበት ምሰሶ ላይ ትልቅ ቁራጭ አንሥቷል ብዬ አምናለሁ። የሚያጽናናኝ የመክሰሻ ጊዜዎቹ በአስገዳጁ ዝርዝር ውስጥ መቅረታቸው ነው። አባትየው ባለአደራውን «አትናገር» ሊለው ይችላል፤ ዝም ላለበት ዘመን ይርጋውን ሊያሳጥርለት ግን አይችልም። ጠንቃቃ ባለአደራ ይህን ሲረዳ የዝምታ ትእዛዝ ያለበትን ሰነድ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ሕጉ በዲሲ ከ2004፣ በቨርጂኒያ ከ2006፣ በሜሪላንድ ከ2015፣ በሚኒሶታ ከ2016 ጀምሮ ይሠራል፤ የሐበሻ ቤት በብዛት ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። (የእኛውም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ስለ አደራ ይደነግጋል፤ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ባረቀቁት፣ የአውሮፓን የተጻፈ ሕግ መሠረት ባደረገ ሕግ ውስጥ መገኘቱ ያኔ ያልተለመደ ነበር።) አንዲት እናት ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ያለ ቤቷን ሰው ሁሉ «ሊቪንግ ትረስት» በሚለው መንገድ አስቀመጠች፤ ከእሷ በኋላ ትልቁ ልጇ ባለአደራ እንዲሆን ጻፈች እንበል። ሰነዱ ስለ መሻር ምንም ባይል፣ የድሮው ደንብ አደራውን የማይሻር ያደርገው ነበር፤ አንቀጽ 602 ገልብጦታል፤ የማይሻር ነው ተብሎ በግልጽ ካልተጻፈ እናትየው ልትሽረው ትችላለች። እስከዚያ ድረስ፣ በአንቀጽ 603፣ የባለአደራው ግዴታ ለእሷ ብቻ ነው፤ ልጆቿ መግለጫ አምጣ ሊሉ አይችሉም። ስትሞት ግን አደራው የማይሻር ይሆናል። ትልቁ ልጅ ይህን ካወቀ በ60 ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ላለችው እህቱና ስቶክሆልም ላለው ወንድሙ አደራው መኖሩን፣ የሰነዱን ቅጂና የሒሳብ መግለጫ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ማሳወቅ አለበት። በየዓመቱም ንብረቱን፣ ገቢና ወጪውን፣ የራሱንም ክፍያ ጨምሮ መግለጫ ይልካል። በኢሜይል ቢልከውም በአንቀጽ 109 ተቀባይነት አለው። ይህ ኮሚሽኑ ያረቀቀው የናሙና ሕግ ቃል ነው፤ ክፍለ ግዛቶቹ እዚህ ላይ ስለሚለያዩ የራስን ክፍለ ግዛት ቃል ማየት ግድ ነው።

ልጁ ቤቱን ሊሸጥ ወደ ባንክ ሲሄድ አንቀጽ 1013 ያግዘዋል። የእናቱን ሰነድ ሙሉውን ማሳየት አይጠበቅበትም፤ የምስክር ወረቀት ያቀርባል። ወረቀቱ አደራው መኖሩን፣ የተቋቋመበትን ቀን፣ ባለአደራው ማን እንደሆነና ሥልጣኑን ይገልጻል፤ ለማን ምን እንደተናዘዘች ግን አይገልጽም። ባንኩ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሳለ ሙሉ ሰነዱን ካላየሁ ብሎ ቢያንገላታውና ጥያቄው በቅን ልቦና እንዳልነበር ፍርድ ቤት ካመነ፣ ለደረሰው ጉዳት ካሳ ይከፍላል። የቤተሰብ ጉዳይ በባንክ መስኮት ላይ እንዳይዘረገፍ የታሰበበት ድንጋጌ ነው፤ ያውም ቅጣት ተበጅቶለት።

ባለአደራ እንዲሆን የተጠየቀውንም ሰው ሕጉ አልረሳውም። አንቀጽ 701 መቀበል ወይም መተው የራሱ ምርጫ መሆኑን ይናገራል። እያሰበ ሳለ የቤቱ ጣሪያ ቢያፈስስ? ቢጠግነው ተቀበለ ይባላል፤ ቢተወው ንብረት ይጠፋል። አንቀጹ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። ንብረቱን ለማዳን የሠራ ሰው፣ በተገቢ ጊዜ ውስጥ «አልቀበልም» የሚል ቃል ከላከ፣ ስለጠገነ ብቻ ባለአደራ አይሆንም። መሬቱ በፋብሪካ ዝቃጭ ተበክሎ ዕዳ ይዞ እንዳይመጣበት ቀድሞ መመርመርም ይፈቀድለታል። ተቀብሎ ቆይቶ ከደከመው ደግሞ በአንቀጽ 705 ለተጠቃሚዎቹ፣ አደራ ሰጪው በሕይወት ካለ ለእሱ፣ አብረውት ላሉ ባለአደራዎችም ቢያንስ የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ይለቃል፤ ንብረቱን ለተተኪው እስኪያስረክብ ድረስ ግን የመጠበቅ ግዴታውም ለዚያ የሚያስፈልገው ሥልጣንም ከእሱ ጋር ይቆያሉ።